የናናይ ሴሊንግ በርጩማ

«መጥረጊያውን አስቀምጪው!»

ሉዲ እንዳጎነበሰች ቀረች። መጥረጊያውን ያነሣችው ቤቱን ለመጥረግ አልነበረም። እሺ፣ ለመጥረግ ነበር፤ ግን ትንሽ ብቻ፣ ከእናቷ ሬሣ ሣጥን ሥር የተበተነውን የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ ቅርፊት ብቻ፣ ያውም ሰው ሳያይ። ጎረቤቷ አሊንግ ቶያንግ ግን በስጥ ዓሣ የምትተዳደር ሴት ስለሆነች ድመት ከየት በኩል እንደምትመጣ ዞር ሳትል ታውቃለች። ጀርባዋን ሰጥታ ብስኩት እየደረደረች ነው ያየቻት።

«ሬሣ ባለበት ቤት ይጠረጋል? ሌላ ነፍስ ጠርገሽ ልታስወጪብን ነው?»

«ቅርፊት እኮ ነው ቶያንግ።»

«ቅርፊቱንም ተይው። ናናይ ይቀበሩ፤ ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ግድግዳውንም ላጪው።»

ሉዲ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ መልሳ አቆመችው። ጥርሷን ነክሳ ወለሉን አየችው፤ ባታየው ይሻላት ነበር።

በዚህ ዓለም ላይ ሉዲ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ወለል ነው። ተራ ሲሚንቶ ነው፤ ግን በየሳምንቱ ቀይ ሰም ትቀባዋለች፣ ከዚያ በኮኮናት ልጣጭ ላይ ቆማ ወገቧን እያወዛወዘች በእግሯ ትፈገፍገዋለች። ካበቃች በኋላ ጎንበስ ያለ ሰው ፊቱን ያይበታል። ግማሽ ዕድሜዋን በሆቴል ውስጥ የሰው ክፍል ስታጸዳ ኖራ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ የምትረግጠው ይህን ነው። አሁን የወደብ ሠራተኛው ጭቃ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ የፈሰሰ ቡና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርፊት። ለቅሶ የሚመጣ ሰው ሁሉ ፍሬውን በጥርሱ ጠቅ ያደርግና ቅርፊቱን ወለሉ ላይ ይጥላል። ቀብሩ ቶሎ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ወንድሟ ኖኖይ ግን መርከበኛ ነው፤ መርከቡ ወደብ ካልደረሰ እናቱን አይቀብርም። በደወለ ቁጥር «ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላል። ባሕር ላይ ትንሽ የሚባለው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ደግሞ ሰዉ! የሰፈሯ የፑንታ ሩፊና ሰው ብቻ መሰላችሁ? የወደብ ተሸካሚው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሹፌሩ፣ መነኮሳቱ፣ ከኮሌጅ የመጡት ልጆች። ልጆቹ ድንኳኑ ላይ የእናቷን፣ አገር ሁሉ «ናናይ»፣ እማማ፣ የሚላትን የሴሊንግን ትልቅ ሥዕል ሰቅለዋል፤ እጇን ጨብጣ ወደ ላይ አንሥታለች። ሥዕሉ ላይ የለበሰችው ሸሚዝ የሉዲ የሥራ ሸሚዝ ነው፤ ሳትጠይቃት ወስዳ የለበሰችው፣ ክንዱ ተቀዶ የመለሰችው። የመጣው ሁሉ የሉዲን እጅ ይዞ «ለኔም እናቴ ነበሩ» ይላል። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ምን ትበል? «ለኔስ መቼ መቼ ነበረች?» አይባል።

ወንበር ሁሉ ተይዟል። ሉዲ ሰሐን ይዛ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትውላለች። ቤቱ ውስጥ ባዶ መቀመጫ አንድ ብቻ ነው፤ ከሣጥኑ ራስጌ ያለው የእናቷ በርጩማ። ከማንጎ እንጨት የተሠራ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አሮጌ በርጩማ ነው። ማንም አይቀመጥበትም። ልጆች ሲጠጉት እንኳ እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል። እንደ ታቦት ዞረው ነው የሚያልፉት፤ ይህም ሉዲን ያበሳጫታል። የልብስ ማጠቢያ በርጩማ እኮ ነው።

እናቷ የመርከበኞችን ልብስ ነበር የምታጥበው። ሉዲ የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ሰፈሩ ያለችው ቧንቧ አንዲት ነበረች። የመሬቱ ባለቤት ነኝ የሚለው ሰውዬ አንድ ቀን ቧንቧዋን ቆለፈና «ውኃ የፈለገ ቤቴ መጥቶ ይጠይቀኝ» አለ። ሰዉ አንድ በአንድ ሄደ። ለአንዱ ይከፍታል፣ ለአንዱ ይዘጋል፤ የተከፈተለት ያልተከፈተለትን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረ። እናቷ አልሄደችም። በርጩማዋንና የቆሸሸ ልብስ የሞላበትን ገንዳ ተሸክማ ከተቆለፈው ቧንቧ ፊት ተቀመጠች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት ዘበኛው።

«ልብስ ላጥብ።»

«ውኃ የለም እኮ።»

«እጠብቃለሁ።»

ሌሎቹም አጣቢዎች አይተው ገንዳቸውን ይዘው መጡ፣ ተቀመጡ። በማግስቱ ወደቡ ላይ የቆመችው መርከብ ልትነሣ ስትል መኮንኖቹ ነጭ የደንብ ልብሳቸውን ፈልገው አጡ፤ ልብሱ ገንዳው ውስጥ እንደቆሸሸ ነበር። ካፒቴኑ ራሱ በካናቴራ ሰፈር ድረስ መጥቶ ሰውዬው ደጅ ላይ ሲጮህ ነው ቧንቧዋ የተከፈተችው። ከዚያ ወዲያ አልተቆለፈችም።

«የቆመን ሰው ገፋ ያደርጉታል» ትል ነበር እናቷ። «የተቀመጠን ግን ማንሣት አለባቸው። ማንሣት ያደክማል፤ ሰውም ያያል።» ሉዲ ይህችን ነገር ከአባታችን ሆይ በፊት ነው በቃሏ የያዘቻት። ከቧንቧው በኋላ እናቷ መቀመጥን ሥራዬ ብላ ያዘችው፤ ወደቡ በር ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ቤት ሊያፈርስ ከመጣ ዶዘር ፊት። የሰው እናት ስትሮጥ ትውላለች፤ የሉዲ እናት ተቀምጣ አገር ታስቸግራለች።

«ይቺ ድስት ታሪክ አላት» አሉ ማንግ ኢስኮ፣ ጓዳ ገብተው የሩዝ ሾርባው የሚፈላበትን ትልቅ ድስት እየዳበሱ። ማንግ ኢስኮ ጡረታ የወጡ የወደብ ተሸካሚ፣ የእናቷ የዕድሜ ልክ የትግል ጓድ ናቸው። ለቅሶው ከተጀመረ ቤታቸው አልገቡም ቢባል ውሸት አይደለም።

«ታሪክ ሳይኖራት ነው የገዛኋት» አለች ሉዲ። «በመጀመሪያ ደሞዜ። ሥራ ባቆማችሁ ጊዜ ለአንድ ቀን ብላ ወሰደቻት፤ ቂጧ አሮ፣ ጎኗ ጎድጉዶ ተመለሰች።»

«ስንት ሰው በላባት መሰለሽ!»

«እኔ አልበላሁባትም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመጡበትን ነገር አወጡት። «ቀብሩ ላይ አንቺ ነሽ የምትናገሪው። ሰዉ ካንቺ መስማት ይፈልጋል። ስለ መሬቱም ጭምር።»

ስለ መሬቱም ጭምር። ሉዲ ይህንን ስትጠብቅ ነበር። የወደቡ ኩባንያ ፑንታ ሩፊናን ለኮንቴይነር ማስቀመጫ ይፈልገዋል፤ ነዋሪውን ከተራራው ባሻገር፣ ባሕር ከማይታይበት ኮረብታ ላይ አሰፍራለሁ ይላል። ናናይ ሴሊንግ በሕይወት እያለች ማንም ለብቻው ከኩባንያው ጋር አልተነጋገረም። «የሚያናግሩን ከሆነ ሁላችንንም፣ እዚሁ፣ ተቀምጠን» ብላ ነበር፤ ሰዉም ጸናላት። አሁን እሷ ሣጥን ውስጥ ናት፣ የሰፈሩ ዓይን ሁሉ ደግሞ ሉዲ ላይ ነው።

«ማንግ ኢስኮ፣ እኔ አልጋ አንጣፊ ነኝ። ንግግር አላውቅም። እናቴንም አይደለሁም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ እግራቸው ሥር እያዩ። «እሳቸው ለወለል ግድ አልነበራቸውም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ባራንዳ መጣ። የኩባንያው ሰው ነው፤ ከሬሣ ሣጥኑ የሚበልጥ የአበባ ጉንጉን አሸክሞ ገባ። ለቅሶተኞቹ እንቅልፍ ለማባረር የያዙት የካርታ ጨዋታ ቆመ። ግን ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ውጣ ይላል? ወንበር ለቀቁለት። በሣጥኑ መስተዋት በኩል የናናይ ሴሊንግን ፊት ጎንበስ ብሎ አየ፣ አማተበ፣ ተቀመጠ። ሉዲ የሐብሐብ ፍሬ አቀረበችለት። ሰውየው ፍሬውን በላና ቅርፊቱን መሐረቡ ውስጥ አኖረ።

ሉዲ አፈጠጠችበት። ከስንቱ ሰው መሐል የመጀመሪያው ነበር።

«እንዴት ያለ ወለል ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ዓይነት እጅ በሲሚንቶ ላይ ይባክናል?» ከዚያ፣ ከሆቴሏ ብዙ ሳይርቅ፣ ነጭ ሴራሚክ የተነጠፈበት ቤት እንዳለ ነገራት። ውኃ በቧንቧ፣ ሁለት መኝታ ክፍል። ኮረብታው ላይ አይደለም፤ ኮረብታው ለሌላው ነው። «ለብቻችን ብንነጋገር ጥሩ ነበር፣ ሚስ ሉዲቪና። ሲመችዎ።»

ዝናቡ ወረደ። ኢንጂነሩ ተነሣ። ሉዲም ተከተለችው፤ ጥግ የነበረውን ዣንጥላ አንሥታ ዘረጋችለትና በጠባቡ መንገድ መኪናው ድረስ ወሰደችው። በመንገድ ላይ ስለ ቤቱ መስኮት ነገራት። «አስብበታለሁ» አለችው። 

ስትመለስ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የያዙት ካርታቸውን አየር ላይ እንደያዙ ነበሩ። ያኔ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

ለቅሶ ላይ ባለ ሐዘን እንግዳ አይሸኝም። የመጣው ሰው ሲበቃው ተነሥቶ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ደኅና ዋሉ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ። ሐዘንተኛ ደጅ ድረስ ሰው ከሸኘ ሌላ ነፍስ ሸኘ ማለት ነው። ይህን ሉዲ ከልጅነቷ ታውቃለች። እግሯ ግን የሆቴል እግር ነው፤ እንግዳ ሲነሣ መነሣት፣ ዝናብ ሲመጣ ዣንጥላ መያዝ የተማረ እግር። እስቲ ይህን ለፑንታ ሩፊና አስረዱ!

«ሸኘሽው» አለቻት ቶያንግ ጓዳ ውስጥ፣ ኩባያ እያለቃለቁ።

«ዝናብ ነበር።»

«መነኮሳቱም በዝናብ ነው የሄዱት።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ቶያንግ! ሆቴል ውስጥ...»

«ዣንጥላ ይዘሽለት። በናናይ ዣንጥላ።» ቶያንግ ኩባያውን ደፍታ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ስሚኝ ሉዲ፣ ሸጠሽም ከሆነ አልፈርድብሽም። ስንት ዓመት እንደተንገላታሽ የማላውቅ ነኝ? ብቻ ንገሪኝ። ዓሣዬን ኮረብታ ላይ ለየትኛው ባሕር እንደማሰጣ ልወቅ።»

«አልሸጥኩም።»

«ሰዉ ሸጠች ብሏል። ዛሬ ሦስት ቤት ኢንጂነሩን ለብቻ እናናግረው እያለ ነው። ልጅየዋ ከሄደች እኛ ማንን ብለን ነው የምንቀመጠው ይላሉ። የቀብሩ ዋዜማ ተመልሶ ይመጣል አሉ፤ ያኔ አይተን እንወስናለን ብለዋል።»

«ምን አይታችሁ?»

«አንቺን ነዋ!»

ሉዲ ውኃው ውስጥ እጇን እንደነከረች ቆመች። በጣም ተናደደች፤ በኢንጂነሩ፣ በቶያንግ፣ በዝናቡ፣ ከሁሉም በላይ ሣጥን ውስጥ ተኝታ ነገር በምትጎትትባት ሴትዮ። ሞታም አላረፈቻትም! ደግሞ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ቤቱን ፈልጋዋለች። ነጩን ሴራሚክ አስባዋለች። የት ጋ ምንጣፍ እንደምታነጥፍ፣ በየትኛው ጨርቅ እንደምትወለውለው ሁሉ አስባለች። ጎርፍ የማይገባበት፣ እንግዳ ሰው ሌሊት የማያድርበት፣ ድስቷን ማንም የማይወስድባት ቤት። ይህን መመኘት ኃጢአት ነው?

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የጨረሰች ቀን ትዝ አላት። እናቷ «ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው፣ ዓይንሽ ሥር» ብላት ነበር። በስሟ የተያዘ ወንበር ነበር። በዚያው ጠዋት ግን ወደቡ በር ላይ የተቀመጡትን ሁሉ ፖሊስ ጭኖ ወሰደ። የሉዲን ሜዳሊያ የሒሳብ መምህሯ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። እናቷ ሲመሽ ተፈታ መጣች፤ ጸጉሯ ተበታትኖ፣ ቀሚሷ ጭቃ ለብሶ። ሉዲ ደረቷ ላይ ሜዳሊያዋን እንዳንጠለጠለች ጠበቀቻት።

«ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?» አለቻት እናቷ።

«ማንም። ባዶ ነበር።»

እናቷ ይቅርታ አልጠየቀችም።  ያቺን በርጩማ ስባ ሉዲ እግር ሥር ተቀመጠችና የሉዲን ጫማ ፈትታ አወለቀችላት። ሉዲ ያኔ እግሯን ነጥቃ ሄደች። ዛሬም ቢሆን ልክ ነበረች፤ የተቆጣችው በትክክል ነው። ብቻ እግሯን ባትነጥቅ ኖሮ ብላ ታስባለች አንዳንዴ።

በመጨረሻ መርከቡ ደረሰ፤ ኖኖይ ሻንጣውን ሳያወርድ ሣጥኑ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሴቶቹ እንባህ መስተዋቱ ላይ ከተንጠባጠበ ነፍሷ መንገድ ይከብዳታል ብለው ወደ ኋላ ጎተቱት። ቀብሩ ለነገ ተቆረጠ፤ ቤቱም ድንኳኑም ጢም ብሎ ሞላ። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል።

ኢንጂነር ባራንዳ በቃሉ መሠረት ገባ። ሣጥኑ አጠገብ ወንበር ሰጡት። ማንም ካርታ አልገለበጠም። ሰዉ ሁሉ ወሬ የያዘ ለመምሰል ይሞክራል፣ ግን ወሬ የለም። ቶያንግ በሩ ጋ ብስኩት ታስተካክላለች፤ ያው ብስኩት ነው፣ ደጋግማ ነው የምታስተካክለው። ማንግ ኢስኮ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ።

ሉዲ ሰሐኑን ይዛ ከጎኑ ቆመች። ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠችም፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

«ነገ ያርፋሉ» አላት በሹክሹክታ። «እናትዎ ጠንካራ ሰው ነበሩ። ግን ለምን? ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭቃ ላይ ተቀመጡ፤ ይኸው ምን ተረፋቸው? እርስዎ እንደሳቸው አይደሉም። ይህን ቆሻሻ ይመልከቱ። እርስዎ ንጽሕና የሚያውቁ ሰው ነዎት። አንድ ጊዜ እርስዎ ከተነሡ ደግሞ ሌላው ይከተላል፤ ለሁሉም ይቀላል።»

ለዚህ ነው ለካ ሴራሚኩ። ሉዲ ይህን ከመጀመሪያውም ጠርጥራ ነበር፤ ሰው በነጻ ወለል አይሰጥም። እሱ ያን ያህል አላስቆጣትም። ያስቆጣት ሌላው ነው። ስለ ጭቃው፣ ስለ ተቃጠለው ድስት፣ ስለ ባዶው ወንበር ናናይ ሴሊንግን ማማት የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት፤ ተንገላታ ያገኘችው መብት ነው። ይህ ቅርፊት በመሐረብ የሚቋጥር ሰውዬ ከየት መጥቶ ነው?

 ሰሐኑን ታቅፋ መቀመጫ ፈለገች፤ የለም። ዞር አለችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

አንዲት ሴት «ኢየሱስ!» አለች። በርጩማው በአጭር እግሩ በኩል ዘመመ፤ ሉዲ ሳታስበው ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ ሰደድ አድርጋ ተረከዟን ወለሉ ላይ ተከለች፣ በርጩማውም ረጋ። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። ሉዲ አንድም ቀን ተቀምጣበት አታውቅም፤ እግሯ ግን አወቀው። 

«ሚስ ሉዲቪና?»

«የሚያናግሩን ከሆነ ሁላችንንም ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ፤ ንግግር የሚባል አልነበረም። «እዚሁ። ተቀምጠን።»

 ኢንጂነሩ ሸሚዙን አስተካከለና ተነሣ። ለናናይ ሴሊንግ አማተበ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ጥግ ላይ የቆመውን ዣንጥላ አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ ፈገግ አለ።

«መኪናው ድረስ አብረን ብንሄድ?»

 የሉዲ ጉልበት ሊነሣ ከጀለ፤ ልማድ ክፉ ነው። ተረከዟን ይበልጥ ተከለችው። እጇን ወደ ሰሐኑ ሰደደችና ከሐብሐቡ ፍሬ አንድ አነሣች። ጠቅ አደረገችው። ዓይኗ በእንባ ስለተሞላ ኢንጂነሩ ሲወጣ በደንብ አላየችውም፤ ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ዝናቡ ውስጥ ሲገባ ያየችው ቶያንግ ናት፣ በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ እያስመሰለች ያወራችውም እሷው ናት።

ሉዲ ፍሬውን አኘከች። ቅርፊቱን በጣቶቿ መሐል ያዘችው፣ የምታኖርበት ቦታ የምትፈልግ ይመስል ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ቀዩ ወለል ላይ፣ ከሌላው ቅርፊት ጋር ጣለችው።